ወኪሌን ምን ብዬ ልጠይቀው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ምክር ቤት ግን ለምን አስፈለገ?» የምትል የሁለት መስመር ደብዳቤ አውጥቼ ነበር። መልሴ አጭር ነበር፣ ትንሽም ተቻኩያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለዚሁ ሆነ። ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከምንጃር፣ ከአጣዬ፣ ከዚሁ ከደብረ ብርሃንም። ስድስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም፤ አቤቱታ ያለበት ደብዳቤ ላይ የወረዳውንና የመሥሪያ ቤቱንም ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ለጻፈው ሰው ጣጣ እንዳይተርፈው ብዬ። ለማታውቁኝ፣ ሥነ ዜጋ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሕገ መንግሥቱን ለፈተና ስናስሸመድድ ኖርን እንጂ ለድልድይና ለመድኃኒት እንዴት እንደሚያገለግል ብዙም አላወራንም። ይህ ዓምድ ለእኔ የዚያ ቀሪ ሥራ ነው።

«ዞን ሂድ ይሉኛል»

«ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል። ዓይኔ ስለደከመ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ከኛ ቀበሌ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ ወንዝ አለ። ድልድይ ይሠራል ተብሎ ድንጋይ ተከመረ፣ አሸዋ ተራገፈ፣ ሁለት ምሰሶ ቆመ። ከዚያ ሰዎቹ ሄዱ። ሦስት ክረምት አለፈው። አሸዋውን ጎርፍ ወሰደው። ክረምት ሲገባ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ በጎቻችንን ለገበያ ማሻገር አንችልም። ወኪላችሁ ነኝ የሚለው ልጅ ዓምና መጥቶ ነበር። ደብተር አውጥቶ ጻፈ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ቀበሌ ስጠይቅ ወረዳ ሂድ ይሉኛል፤ ወረዳ ስሄድ ዞን ሂድ፤ ዞን ስሄድ ደግሞ ክልሉ ነው የያዘው። ደብረ ብርሃን ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ማንን ልጠይቅ?» (አርሶ አደር፣ ከመንዝ)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጅ ልጅዎም፣ ጽሕፈቷ ያምራል።

«ድልድዩ ለምን ቆመ?» ከማለትዎ በፊት «ገንዘቡ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በወረዳው በጀት የተጀመረ ከሆነ ተጠያቂው የወረዳው አስተዳደር ነው፤ እሱን የሚጠይቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። በክልል በጀት ወይም ሰው «ዩራፕ» በሚለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ከሆነ ጥያቄው ባሕር ዳር ላለው የክልል ምክር ቤት ተወካይዎ ይሄዳል። የፌዴራል መንገድ ከሆነ አራት ኪሎ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። እንግዲህ ቀበሌውን ሳንቆጥር ሦስት ዓይነት ወኪል አለዎት ማለት ነው። ደብተር አውጥቶ የጻፈው ልጅ የትኛው ነው? ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የወረዳውን ተወካይ የክልሉን ድልድይ ይጠይቀዋል፤ ያም «እናቀርባለን» ብሎ ይሄዳል፣ የሚያቀርብበት ቤት ግን የለውም።

ስለ ዞን ደግሞ ላስረዳዎት። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ሰሜን ሸዋ ግን የለውም። የኛ ዞን የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፍ ነው፣ ኃላፊዎቹም የሚሾሙት ከላይ ነው። ስለዚህ «ዞን ሂድ» ሲሉዎት ወኪል ወደሌለዎት ቤት እየላኩዎት ነው። ጉዳይ ማስፈጸም ይቻል ይሆናል፤ ተቀምጦ ኃላፊውን የሚጠይቅልዎት የመረጡት ሰው ግን እዚያ የለም። ሁለት ጊዜ በከንቱ መመላለስዎ አንጀቴን በልቶታል፣ ይህን መጀመሪያውኑ ሊነግርዎት የሚገባ ሰው ነበረ።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 መደገም ነበረበት፣ ተራዘመ፤ በሰኔ 2013 ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግም የተመረጡት የክልልና የፌዴራል ተወካዮች ናቸው። ለአምስት ዓመት ብለን የላክነው ሰው ተመልሶ በራችንን ማንኳኳት ካላስፈለገው ለምን ይሰማናል? ስለ ምክር ቤት ማሻሻያ ብዙ ይባላል፣ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ማሻሻያ የአካባቢው ምርጫ በቀኑ መካሄዱ ነው።

እናቴ የመንዝ ሰው ነበረች። መንዝ ስለ ተጠያቂነት ከማንም መማር የለበትም። የጓሳን፣ የመንዝን የወል ሣር መሬት፣ ያስቡት። ተጠቃሚው ራሱ አለቃ ይመርጥ ነበር። አለቃው ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ ያስጠብቅ ነበር፣ ተደብቆ ያጨደና ከብት ያስገባ ይቀጣ ነበር፣ የሚከፈትበትም ቀን በጋራ ይወሰን ነበር። ያ አለቃ የሚፈራው ሩቅ ያለ ሹም ሳይሆን ጎጆውን በዚያ ሣር የሚከድነውን ጎረቤቱን ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲላላ ጓሳው ምን እንደገጠመው እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ብቻዎን አይሂዱ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ሂዱ። ወረዳው ላይ «የድልድዩ በጀት የማን ነው? ሥራ ተቋራጩ ውል የገባው ከማን ጋር ነው? ስንት ተከፍሎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍ። መልሱ ወኪላችሁ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

«እጅ ይወጣል፣ ያበቃል»

«ሰላም መምህርት። ፓርላማውን በቴሌቪዥን ሳይ ሁሌ አንድ ነው። እጅ ይወጣል፣ ‹በሙሉ ድምፅ ጸድቋል› ይባላል፣ ያበቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲመጡም ጥያቄው ከወረቀት ይነበባል፣ መልሱ ረጅም ነው፣ ‹ቆይ፣ ይህ ግን አልተመለሰም› የሚል ሰው አላይም። በሕግ እውነት መጠየቅ ይችላሉ ወይስ ለወጉ ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

ይችላሉ። በደንብ ይችላሉ፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ሕገ መንግሥቱን አውጪና አንቀጽ 55ን እዪ። ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር ይችላል ይላል። 18ኛው ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስዳል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለዚሁ ምክር ቤት ነው ይላል። አንቀጽ 54 ላይ ደግሞ ተወካዩ የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብና ለህሊናው እንደሆነ ተጽፏል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ መስመር ላይ የለም። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነብ ሁሌ ቆም እል ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩን እናስላ። የምክር ቤቱ መቀመጫ 547 ነው። አንድ ሦስተኛው 183 ይሆናል። ከአማራ ክልል የሚመረጡት 138 ናቸው። ሁሉም ቢስማሙ እንኳን 45 ሰው ከሌላ ክልል ማሳመን አለባቸው። ያ የሚቻል ነው፤ የኦሮሚያውም፣ የደቡቡም፣ የሶማሌውም አርሶና አርብቶ አደር ማዳበሪያ ሲዘገይበት፣ መንገድ ሲቋረጥበት እንደኛው ነው የሚቸገረው። ችግሩ ሌላ ነው። በ2002 ከ547 መቀመጫ 545ቱ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ። በ2007 ሙሉ በሙሉ፣ 547ቱም። በ2013 ብልጽግና ከ400 በላይ መቀመጫ ሲያገኝ ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ስለዚህ 183 ፊርማ ከገዥው ፓርቲ ሰዎች ውጭ ከየትም አይመጣም። የፓርቲውን መሪ ጥያቄ ላይ ለማስቀመጥ የራሱ ፓርቲ አባላት መፈረም አለባቸው፣ ያን የፈረመ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩ ሆኖ መቅረቡን ማን ያውቅለታል።

ይህ በኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ አባላትን የሚመርጡት መኳንንትና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ ተብሎ። በ1948 ሲሻሻል ሕዝብ መምረጥ ጀመረ፣ ሚኒስትሮቹ ግን ያው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር የሚጠየቁት። በሸንጎውም ጊዜ ወረቀቱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ ነበር። እኔ የምለው፣ ወረቀቱ ከ1987 ጀምሮ ተስተካክሏል፤ የቀረው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነጻነት ነው።

ሌላ አገር እንዴት አደረጉት ካልሽ፣ የእንግሊዝን ልንገርሽ። እዚያም ገዥው ፓርቲ አብላጫ አለው፣ እዚያም የፓርቲ ዲሲፕሊን ጠንካራ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይጠየቃሉ፣ የተቃዋሚው መሪም ተከታታይ ጥያቄ የማንሳት መብት አላቸው። እኔን የሚማርከኝ ግን ኮሚቴዎቹ ናቸው። ሚኒስቴሮችን የሚከታተሉት ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎች በፓርቲ አለቆች ይመደቡ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን ቀየሩና የምክር ቤቱ አባላት በምስጢር ድምፅ ይመርጧቸው ጀመር። ወንበሩን የሰጠው አለቃው ስላልሆነ አለቃው አይነጥቀውም። የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴያቸውን የሚመራው ደግሞ ሁሌም የተቃዋሚ ሰው ነው።

ይህን የመጨረሻውን እኛም ሞክረነዋል። በስድስተኛው ዙር ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የሚመሩት የአብኑ ተወካይ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። የዋናውን ኦዲተር ግኝት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቀው ኮሚቴ ይኸው ነው፣ ስብሰባዎቹን ካየሽ ኃላፊዎች ላብ ሲያጠምቃቸው ታይ ነበር። ሰብሳቢው በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ። ፖለቲካቸውን ትወጂም አትውጂም፣ አንድ ተወካይ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ የተጻፈው ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ጠያቂም ነው። እጅ የማውጣቱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው፣ እኅቴ። ሰው አጠገቡ ያለውን ወንበር ያያል።

«በውስጥ ማለቅ የነበረበት ነው»

«እኔ መምህር ነኝ፣ የወረዳ ምክር ቤት አባልም ነኝ። ባለፈው ጉባኤ ስለ ጤና ጣቢያችን መድኃኒት ጠየቅኩ። ሪፖርቱ ‹የመድኃኒት አቅርቦት በአብዛኛው ተሟልቷል› ይላል። እኔ በዚያው ሳምንት ልጄን ይዤ ሄጄ ሽሮፑን የገዛሁት ከግል መድኃኒት ቤት ነው። ይህንኑ ተናገርኩ። ቤቱ ዝም አለ። ለምሳ ስንወጣ አንድ ኃላፊ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹መምህር፣ ይህ በውስጥ ማለቅ የነበረበት ነው› አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ፣ ከቤቴ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። ይገናኛል አልልም። ግን በሚቀጥለው ጉባኤ እጄን ማውጣት ፈራሁ። ምን ላድርግ?» (ቦታው እንዲቀር የተጠየቀ)

መምህር፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ የምለው፣ ያ ጥያቄ ትክክል ነበር። የልጅዎ ሽሮፕ የግል ጉዳይዎ አይደለም። ሪፖርቱ ላይ «በአብዛኛው» የሚለውን ቃል ሊያስረዳ የሚችለው እንዲህ ያለ ሽሮፕ ብቻ ነው።

ነገሩን ግን ከሥሩ እንየው። የወረዳ ምክር ቤት ዋና አስተዳዳሪውን ከራሱ አባላት መካከል ይመርጣል። ካቢኔው ውስጥ ያሉት ብዙዎቹም የምክር ቤት አባላት ናቸው። ከቀረው ወንበር ብዙውን የያዘው መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያና አርሶ አደር ነው። ተወካይነቱ ደመወዝ የለውም፣ ጉባኤ ሲኖር የቀን አበል ነው። ታዲያ መምህሩ የሚጠይቀው ማንን ነው? ዝውውሩንና የሥራ አፈጻጸም ነጥቡን በሚወስነው ጽሕፈት ቤት ላይ አለቃ የሆነውን ሰው ነው። ጠያቂው እንጀራውን የሚበላው ከተጠያቂው መሶብ ከሆነ ጀግንነት ብቻ አይበቃም። ሰዎች ስለ ምክር ቤት ማሻሻያ ሲያወሩ ሁሌ አራት ኪሎን ነው የሚያስቡት። ለእኔ ትልቁ ማሻሻያ ያለው እዚህ፣ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ ነው። የምክር ቤት አባል የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በዘመኑ ውስጥ የሚዛወረው አፈ ጉባኤው በጽሑፍ ሲያውቀውና ምክንያቱ ሲቀርብ ብቻ ይሁን። የካቢኔ አባል በቋሚ ኮሚቴ አይቀመጥ፣ ራሱን ሊጠይቅ ነው እንዴ? የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለነዳጁና ለወረቀቱ የአስተዳዳሪውን ፊርማ የሚጠብቅ አይሁን። ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመ በስም ይመዝገብ። አንዳቸውም ብዙ ብር አይጠይቁም።

ይህ እስኪሆን ግን እርስዎ ነገ ጉባኤ አለብዎት።

የጉባኤውን መልክ እርስዎ ያውቁታል፣ ለሌላው አንባቢ ልንገር። ሪፖርቱ ጠዋቱን ሙሉ ይነበባል። ጥያቄ የሚከፈተው ለምሳ ጥቂት ሲቀር ነው። አምስት ስድስት ሰው ይናገራል፣ ግማሹ «ጥሩ ጅምር ነው፣ በዚሁ ይቀጥል» ይላል። ከዚያ መድረኩ ሁሉንም አጠቃሎ «የተነሡት ነጥቦች ገንቢ ናቸው፣ ውስንነቶቻችንን በቀጣይ ትኩረት ሰጥተን እንሠራባቸዋለን» ይላል። ሰዓት ሄዷል። እጅ ይወጣል።

ከዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ አንድ ወረዳ ጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከገጠር ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ተነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። ስለ ሪፖርቱ ምንም አላሉም። «የቦኖው ፓምፕ መቼ ነው የተበላሸው? ማነው የሚጠግነው? መቼ?» አሉና ቆመው ቀሩ። አልተቀመጡም። የውኃ ኃላፊው ስለ በጀት እጥረት፣ ስለ መለዋወጫ አወሩ። ሴትዮዋ ጨርሰው ሰሟቸውና «እሺ፣ መቼ?» አሉ። ኃላፊው ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ አንድ ቀን ተናገሩ። አፈ ጉባኤው ጻፉት። እናታችን ያን ጊዜ ተቀመጡ። ተማሪዎቼ እስከ መኪናው ድረስ ስለዚያ «መቼ» ነበር የሚያወሩት። ፓምፑም በዚያው ወር ተጠግኗል።

እርስዎም ሽሮፑን ለጊዜው ይተዉትና በዚህ መንገድ ይግቡ። አንደኛ፣ ብቻዎን አይጠይቁ። ከተለያየ ቀበሌ ሁለት አባላት ያግኙ፣ ጥያቄውን ሦስታችሁ ፈርማችሁ ጉባኤው ከመድረሱ በፊት ለአፈ ጉባኤው በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ገቢ የተደረገበትን ማህተም አስመቱ። ሦስት ሰው ማዛወር አንድ እንደማዛወር ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴው ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ የመድኃኒት መጋዘኑን ቢን ካርድ ይይ። እያንዳንዱ መድኃኒት መቼ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ መቼ አለቀ፣ እዚያ ላይ አለ። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ማመሳከር ይቻላል። ያኔ ክርክሩ በእርስዎና በኃላፊው መካከል አይሆንም፣ በሪፖርቱና በካርዱ መካከል ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ጥያቄዎ እንዴት እንደተጻፈ ሳያዩ አያጽድቁት። «አባላት ስለ ጤና አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ያስተካክሉት። ጥያቄ ነበር፣ አስተያየት አልነበረም።

ስለ ዝውውሩም፣ ምክንያቱ እንዲገለጽልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የቅሬታ ሰሚው ጋ የማመልከቻ ጊዜው ሳያልፍብዎ። መልስ ካላገኙ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ፣ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል። ፍርሃትዎን ደግሞ አልፈርድበትም። ልጅ ያለው ሰው ነዎት። ግን እባክዎ ወንበሩን ባዶ አያድርጉት፣ ለዚያ ጤና ጣቢያ ከእርስዎ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

«ከተማችን ስትቃጠል ማን ተጠየቀ?»

«በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ሱቄ ነደደ። ስለ መልሶ ግንባታ ብዙ ሰምቻለሁ። መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው። የሰው ሕይወት መጠበቅ ያለበት አካል ሳይጠብቅ ሲቀር ምክር ቤት ማድረግ የሚችለው ነገር አለ?» (ነጋዴ፣ ከአጣዬ)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። አለ። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 16 የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። በአንድ ክልል ሰብዓዊ መብት ሲጣስና ክልሉ ማስቆም ሲያቅተው የተወካዮች ምክር ቤት በራሱ ተነሣሽነት፣ የክልሉን ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ተጠርቶ እርምጃ እንዲወሰድ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። «በራሱ ተነሣሽነት» የሚለው ነው ዋናው። ከአስፈጻሚው ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንም የሚያቋቁመው ይኸው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ለአካባቢህ ተወካይ የምታቀርበው ጥያቄ «ምን ተሰማህ?» ሳይሆን «ይህ አንቀጽ እንዲሠራ ጠይቀሃል? መቼ? በየትኛው ስብሰባ?» ነው። ተናግሮ ከሆነ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ አለ። ካልተናገረም ያው ነው፣ አለመናገሩ ይታያል።

«ማውረድ ይቻላል?»

«መራጩ ተወካዩን ማውረድ ይችላል ይባላል። እውነት ነው?» (ከጅሩ)

እውነት ነው። አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል፤ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7ም ይደግመዋል፣ አፈጻጸሙ በሕግ ይወሰናል ይላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በዚህ መንገድ ወንበሩን ያጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ብሆን ከዚህ አልጀምርም። በመጀመሪያ ጠርታችሁ አነጋግሩት። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፣ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። የፌዴራል ተወካያችሁን ማግኘት የሚቀለው በዚያ ዕረፍትና በክረምቱ ነው። መንገዱ ሰላም ካልሆነና መምጣት ካልቻለ በስልክ አግኙት።

«የወረዳችንን በጀት ማየት እችላለሁ?»

«ጤፍና ሽምብራ ነጋዴ ነኝ። ግብሬን በየዓመቱ እከፍላለሁ። ወረዳችን ምን ያህል በጀት እንዳለውና ለምን እንዳዋለው ማየት መብቴ ነው? ከሆነ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ሰው ‹ምን ፈልገህ ነው?› እንዳይለኝ።» (ከምንጃር)

መብትህ ነው፣ ጋሼ ልበልህ እንዴ፣ ዕድሜህን አልጻፍክም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ከዚያ በታች የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። መረጃ በጽሑፍ ትጠይቃለህ፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከለህም ምክንያቱን ሊነግርህ ይገባል፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ታመለክታለህ። በብዙ ወረዳ በጀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መጀመሪያ እሱን እይ። ብዙ ጊዜ ግን «ትምህርት፣ ይህን ያህል ሚሊዮን» ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ደመወዝ ነው። ለአዲስ ሥራ የሚቀረው የካፒታል በጀቱ ነው፣ አንተ መጠየቅ ያለብህ እሱን ነው።

«ምን ፈልገህ ነው?» ለሚለው፣ እድር አለህ አይደል? እኛ ሰፈር ገንዘብ ያዣችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ደብተራቸውን ይዘው ድንኳን ማስቀመጫው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለቀብር የወጣው፣ ለብርጭቆ መተኪያ የወጣው፣ ደረሰኙ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ። ባለፈው አንዲት ጎረቤቴ «የሁለት ወንበር ዋጋ በዛብኝ» አለች። ማንም ምን ፈልገሽ ነው አላላትም። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አውጥተው ሰጧት፣ አየችው፣ መለሰችው። ወረዳውም የዚያው ገንዘብ ያዥ ነው፣ ደብተሩ ብቻ ነው የሚተልቀው።

ደብዳቤው እንዲህ ይሁን፣ እንዳለ ገልብጠው፦

«ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የበጀት መረጃ ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ ባለፈው የበጀት ዓመት በቀበሌያችን ለተሠሩ የካፒታል ሥራዎች የተያዘው በጀት፣ የተከፈለውና የቀረው ገንዘብ በየሥራው ተለይቶ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከሥሩ ስምህን፣ ቀበሌህን፣ ስልክህን። ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አድርግበት፣ ይህን አትርሳ፣ ተወካይህ ጥያቄህን እንዲያውቀው ነው። ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጥ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመትተህ ይዘህ ተመለስ። 30ውን ቀን የምትቆጥረው ከዚያ ማህተም ቀን ጀምሮ ነው። መልሱን ስታገኝ፣ ወይም ሳታገኝ 30 ቀን ካለፈህ፣ ጻፍልኝ።